ፈረንሳይኛን ከለገሃር ጀምሩ

ልጆች፣ ፈረንሳይኛ ልትጀምሩ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በትኬት ቢሮና በአስጎብኚነት ሠርቻለሁ። ከዳካር፣ ከአቢጃን፣ ከኪንሻሳ የመጣ እንግዳ ተቀብያለሁ፣ ሸኝቻለሁ። ብዙ ቃል አውቄ አይደለም የሠራሁት። እሄዳለሁ፣ እንሂድ፣ የት እንገናኝ፣ በስንት ሰዓት፤ በየቀኑ ከአፌ የማይጠፉት እነዚህ ነበሩ። ስለዚህ የግስ ሰንጠረዡን ለጊዜው ተዉት፣ መጀመሪያ ቀጠሮ መያዝ ተማሩ።

"ዥ ቬ" ማለት "እሄዳለሁ" ነው። ከኋላው ሌላ ግስ ስታስከትሉበት ግን ልክ እንደኛ "ልበላ ነው" ይሆናል። "ዥ ቬ ማንዤ" ልበላ ነው፣ "ዥ ቬ ዶርሚር" ልተኛ ነው። በአንዲት "ዥ ቬ" ስለ ነገ ማውራት ቻላችሁ! ጓደኛችሁን "ተነስ እንሂድ" ለማለት ደግሞ "ኦን ኒ ቫ" በሉት።

ቦታ ስትጠሩ "አ" አለች፣ ሰው ጋ ስትሄዱ ደግሞ "ሼ"። "ሼ ሟ" ማለት እኛ "እኔ ጋ" የምንለው ነው። ፀጉር ቤትም "ሼ ል ኳፈር" ነው፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋ እንደማለት። ወደ ገበያ "ኦ ማርሼ"፣ ወደ ባቡር ጣቢያ "አ ላ ጋር"። አያችሁ፣ ለገሃር ስትሉ የኖራችሁት "ላ ጋር" የሚለውን ነው። ከጅቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እንደ ፈረንጆቹ ነበር፤ ባቡሩ ዛሬ ከዚያ አይነሳም፣ ቃሉ ግን በየታክሲው ይጠራል።

እስቲ እዚያው ሂዱ። ጀርባችሁን ለአሮጌው ጣቢያ ሰጥታችሁ ቁሙ። ቸርችል ጎዳናን ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ "ቱ ድሯ"፣ ቀጥታ ነው። ወደ ስታዲየም "አ ድሯት"፣ ወደ ቀኝ። ወደ ሜክሲኮ "አ ጎሽ"፣ ወደ ግራ። ድሯ እና ድሯት ላይ ጆሯችሁን አቁሙ። መጨረሻ ላይ "ት" ከሰማችሁ ታጠፉ፣ ካልሰማችሁ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ይህችን ድምፅ ሳይለይ ስንቱ ሰው ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ይውላል መሰላችሁ። እጃችሁን እየጠቆማችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት፣ አላፊ አግዳሚው ቢያያችሁም ግድ አይስጣችሁ።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ ስለ ሰዓት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ትልቅ ሴት እንግዳ ነበሩኝ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስብሰባ አለባቸው። "ድማን፣ አ ዱዘር" አልኳቸው፣ ነገ በሁለት ሰዓት ለማለት። በማግስቱ ከሹፌሩ ጋር ከሆቴሉ በር ላይ ብንጠብቅ ብንጠብቅ የሉም። በኛ 8 ሰዓት ላይ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ወረዱ። በእሳቸው ቋንቋ "ዱዘር" ከምሳ በኋላ ነውና አልተሳሳቱም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ስብሰባው አለፈ። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ ግን ፊታቸው እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ጠዋት 2 ሰዓት "ዊተር" ነው፣ ስምንት። ከቀኑ 8 ሰዓት ደግሞ ትኬት ላይ "ካቶርዘር"፣ አሥራ አራት ሆኖ ይጻፋል። ስድስቱን ሰዓት ሳታሰሉ ቀጠሮ አትስጡ፣ ከሰጣችሁም "ዱ ማታን"፣ የጠዋቱ፣ ብላችሁ አስከትሉ።

ጓደኛችሁን ቅዳሜ ይመችህ እንደሆን ስትጠይቁ "ቱ ኤ ሊብር ሳምዲ?" በሉ። ትልቅ ሰው ወይም የማታውቁት ከሆነ "ቩዜት ሊብር ሳምዲ?" ነው፤ "ቩ" የእኛ "እርስዎ" ናት። ራሳቸው "ቱ በለኝ" እስኪሏችሁ ድረስ አትቀይሯት።