በቆሎና አሲዳማ አፈር፦ የወሎ አራሾች ጥያቄ፣ የአፈር ባለሙያው መልስ

መላሽ፦ ስትጠይቁ ቦታችሁን፣ አምና የተዘራውንና የገባውን ማዳበሪያ ጻፉ። «በቆሎዬ ታመመ» ብቻ ብሎ ለሚጽፍ መልስ የለኝም።

ከደሴ ዙሪያ፦ ጋሼ፣ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለው ማዳበሪያ) ሰጥቼው በቆሎዬ ጉልበት ሳይደርስ ቅጠሉ ሐምራዊ ሆነብኝ። ማዳበሪያው የት ገባ?

መላሽ፦ የትም አልሄደም፣ ታስሮ ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ በርትቷል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ይለቀቃል። እሱና ብረት ፎስፈረሱን ይዘው ሥሩ እንዳይመጠው ያደርጉታል፤ ቅጠሉን ሐምራዊ ያደረገው የፎስፈረስ እጦት ነው። ይባስ ብሎ አሉሚኒየሙ የሥሩን ጫፍ ያቀጭጨዋል። አንዱን ተክል ከነአፈሩ በአካፋ አውጣና በውሃ እጠበው። ጤነኛ ሥር ነጭ ነው፤ ፀጉር የመሰለ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ይበዛበታል። የተመታው አጭር፣ ድቡልቡል፣ ጫፉ ቡናማ ነው። ዝናብ ሳምንት ሲያቆም ቀድሞ የሚጠወልገውም እሱ ነው፤ ወደ ታች አልወረደማ። ግን ብርድም ለጋውን በቆሎ ሐምራዊ ያደርገዋል። ሙቀት ሲመጣ ከለቀቀው በአሲድ አታሳብ። አፈርህን አስመርምር።

ከቆቦ፦ እኛስ አሲዱን ለማርገብ ኖራ እንጨምር?

መላሽ፦ ኧረ በአላህ! የቆቦ ሜዳ አፈር ባብዛኛው ገለልተኛ ነው ወይም ወደ አልካሊ፣ ወደ አሲድ ተቃራኒው፣ ያደላል። እዚያ ላይ ኖራ ብትበትን ዚንክና ብረት ለሥሩ አይገኙም፤ ፎስፈረሱንም ካልሲየም ያስረዋል። አስመርምሩ እያልኩ የምጮኸው ለዚህ ነው።

ከባቲ፦ በቆሎዬ ቢጫ ሆነ፣ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የቱ ቅጠል? የታችኛው ወይስ ለጋው? ከጫፉ ወይስ ከዳሩ?

ከሐርቡ፦ አቀንጭራ ነው ወንድሜ፣ ሥር መጣጩ አረም፤ ንቀለው።

ከመርሳ፦ አበባ ሳያይ በምን ያውቃል?

ከሐርቡ፦ አበባው እስኪታይ ከመሬት በታች ሲመጠው ከርሞ! ጥፋቱስ ጅጉርቲን የመሰለ ማሽላ ትቶ በቆሎ መዝራት ነው።

ከመርሳ፦ ማሽላውንስ አቀንጭራ መች ማረው?

መላሽ፦ የማሽላውን ክርክር ሌላ ቀን። የባቲው ልጅ፣ ቅጠሉን አይተህ ተመለስ።

ከተሁለደሬ፦ ጋሼ፣ ኖራ ማግኘት አልቻልኩም። አመድና ፍግ ይተካዋል?

መላሽ፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ ልቆይ። መሬታችንን አሲዳማ የሚያደርገው ዝናቡ ብቻ መሰላችሁ? ዝናቡ ካልሲየምና ማግኒዥየሙን እያጠበ ይወስዳል፣ እውነት ነው። የቀረውን ግን እኛው እናወጣዋለን። አገዳው ለከብት፣ እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት፣ ኩበቱ ለምድጃ፣ አመዱ ለቦይ! አመድ አሲድ ያረግባል፣ ፖታሲየምም አለው። ከምድጃሽ የሚወጣው ለጓሮሽ ይበቃል፤ ለሰፊ ማሳ ግን አይዳረስም። የበሰለ ፍግና ኮምፖስት ደግሞ አሉሚኒየሙን ይዞ ጉዳቱን ያበርዳል። ዩሪያ በዓመታት ውስጥ አሲድ ይጨምራል፤ ስለዚህ ተዪው አልልም፣ ብቻውን አትመኚበት ነው የምለው።

ከኩታበር፦ ኖራ በሔክታር ስንት ኩንታል?

መላሽ፦ ሳይመረመር ቁጥር አልሰጥም። ለምሳሌ ላቦራቶሪው ሊለዋወጥ የሚችለውን አሲድ በ100 ግራም አፈር 2 ሚሊኢኩዊቫለንት (የላቦራቶሪ መለኪያ ነው) ብሎ ቢጽፍ፣ የላይኛውን 15 ሳንቲሜትር ለማከም ወደ 18 ኩንታል ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ይወጣል። የአፈሩ ክብደትና የኖራው ጥራት ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ከዘር አንድ ሁለት ወር ቀድሞ ይበተንና በደንብ ይታረስ። ከዩሪያ ጋር አትቀላቅሉ፣ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል።

ከአምባሰል፦ ጂፕሰምስ በርካሽ ባገኝ?

መላሽ፦ ካልሲየም ይሰጣል፣ ፒኤች አያነሳም። ኖራ አይደለም።

ከቃሉ፦ የቱን ምርጥ ዘር ልዝራ?

መላሽ፦ የዘር ሰው አይደለሁም። ስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልን ጠይቅ።

ከወረባቦ፦ ኖራ ስንት ኩንታል ይበቃል?

መላሽ፦ ወላሂ ሰው አያነብም! ከላይ አለ።

ከኩታበር፦ እሺ፣ ለምርመራ አፈሩን እንዴት ልውሰድ?

መላሽ፦ ይኸ ጥያቄ ነው! በማሳው ውስጥ እየተጠማዘዝክ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ቆፍር። ከአጥር ሥር፣ ከፍግ ክምርና ከዛፍ ሥር አትውሰድ። በንጹሕ ባልዲ ቀላቅለህ አንድ ኪሎ ያህል በጥላ አድርቅ። በማዳበሪያ ጆንያ እንዳትወስደው፣ ውጤቱን ያበላሻል። ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወዴት እንደሚላክ ይነግርሃል።

ከባቲ፦ ጋሼ፣ አየሁት። የታችኛው ቅጠል ነው፤ ቢጫው ከጫፉ ተነስቶ መሐሉን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዳሩ አረንጓዴ ነው።

መላሽ፦ አብሽር፣ ናይትሮጅን ነው ያነሰው። ከዳር ቢጀምር ፖታሲየም እልህ ነበር። አረሙን ንቀል፣ አፈሩ ሲርስ ዩሪያውን ከሥሩ ትንሽ ራቅ አድርገህ ስጥና አፈር አልብሰው።