የደም ግፊት ልኬቴ ለምን ከፍ ይላል?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ነርሲንግ እማራለሁ። በሆስፒታል የተግባር ልምምድ ላይ የምለካው የደም ግፊት ከተቆጣጣሪዬ ልኬት ይበልጣል። ስህተቴ ምን ይሆን?
ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ የክንዱን መጠቅለያ እዪ። ለወፍራም ክንድ የጠበበ መጠቅለያ ልኬቱን ከፍ ያደርገዋል፤ የውስጡ የአየር ከረጢት የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ ያህል መሸፈን አለበት። ክንዱ ከልብ ትይዩ ሳይሆን ወደ ታች ከተንጠለጠለም እንዲሁ ነው። ታካሚዋ ደረጃ ወጥታ እንደገባች አትለኪ፤ 5 ደቂቃ ትረፍ፣ ስትለኪም አታዋሪያት። ሹራቧን ታውልቅ፤ ወደ ላይ የተጠቀለለ እጅጌ ክንድ ያስራል። የእጅ አንጓ ትርታ ከጠፋበት 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አሳልፈሽ ንፊ፣ ከዚያ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 እያልሽ ልቀቂ። ከቸኮልሽ የመጀመሪያው ድምፅ ያመልጥሻል። ደግሞ አደራ፣ የሰማሽውን ቁጥር ብቻ ጻፊ፤ 138ን 140 ማድረግ ሕክምናዋን ሊያስለውጥ ይችላል።