ባለቤቴ ከማማው ወርዶም አልወረደም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የማረሚያ ቤት ፖሊስ ነው። 9 ዓመት ሠርቷል። ካምፕ ስለሚያድር ቤት የሚመጣው በወር ሁለቴ ነው። ድሮ ሳቂታ ነበር። አሁን ቤት ሲገባ መጀመሪያ በሩን ይፈትሻል፣ ሌሊት እየባነነ ይነሳል፣ ልጃችን ቶሎ ካልታዘዘው ይጮህበታል። ባለፈው "ቁም!" ሲለው ልጁ ደንግጦ ሱሪው ላይ ሸና። ደመወዙ ከቤት ኪራይ አያልፍም። አንድ ቀን "እኔ እኮ ሰው አይደለም የማየው፣ ቁጥር ነው" አለኝ። ጨካኝ እየሆነብኝ ነው? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጨካኝ ሰው እንዲህ ብሎ ለሚስቱ አይናገርም። ይሄን የሚለው የከበደው ሰው ነው።

ቁጥር ያለውም ዝም ብሎ አይደለም። የእሱ ቀን የሚከፈተውም የሚዘጋውም በእስረኛ ቆጠራ ነው። አንድ ሰው ከጎደለ ተረኛው ወደ ቤት መሄድ የለም፣ እንደገና ይቆጠራል፣ እስረኛ ካመለጠ ደግሞ ጠባቂው ራሱ ሊከሰስ ይችላል። ማማ ላይ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ጠዋት ላይ የሚያስበው ስለ ቁጥሩ ነው እንጂ ከቁጥሩ ጀርባ ስላለው ሰው አይደለም። 9 ዓመት እንዲህ ከኖረ በሩን ሳይፈትሽ ቢተኛ ነው የሚገርመኝ።

እኔ አጎቴ ታስሮ ለ4 ዓመት ስንቅ አመላልሻለሁ። ሳህኑ ላይ ስሙን በፕላስተር ለጥፌ፣ በር ላይ ሽሮውን በማንኪያ አማስለው "ቅመሽ" ሲሉኝ ቀምሼ፣ እንጀራው ሲገላበጥ ቆሜ እያየሁ። መጀመሪያ ዋርዲያዎቹን በሙሉ እጠላቸው ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር አየሁ። አጎቴ የስኳር በሽተኛ ነበርና የሆስፒታል ቀጠሮው ሦስት ጊዜ አለፈበት፣ ምክንያቱም ታራሚ ያለ አጃቢ አይወጣም፣ አጃቢ የሚሆን ሰው ደግሞ አልነበረም። ያሉት ሌሊት ያደሩ ናቸው። ክፋት መስሎኝ ስናደድበት የከረምኩት ነገር የሰው እጥረት ነበር። የጠባቂው ድካም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እስረኛው ላይ ነው፣ ለዚህ ነው የባለቤትሽ ደመወዝና እንቅልፍ የእስረኛ ቤተሰቦችንም ጉዳይ ነው የምለው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ አለ፣ 27 ዓመት በታሰሩት በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው። ብዙ ሰው ስለ እስረኛ ብቻ ይመስለዋል። ደንብ 74 ግን የሚናገረው ስለ ሠራተኛው ነው፦ ደመወዙ ብቁ ሰው የሚስብና የሚያቆይ ይሁን፣ የሥራው ሁኔታም የሥራውን ክብደት ያገናዘበ ይሁን ይላል። እዚህ አገር የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ፖሊስን አይመለከትም፣ የማረሚያ ፖሊስ የሚተዳደረው በራሱ ደንብ ነው። ስለዚህ የዓመት ፈቃዱ ተከማችቶ ከሆነ ወይም ወደ ቤተሰቡ መዛወር ከፈለገ ለአለቃው በቃል አይንገረው። በጽሑፍ ያስገባ፣ ቅጂውንም ይያዝ። መልስ ካጣ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

ለቤቱ ደግሞ፦ ሲመጣ ልጁ ወዲያው አይቅረበው። ዩኒፎርሙን ያውልቅ፣ ይታጠብ፣ አንቺ ቡናውን አቅርቢ፣ ከዚያ ልጁ ይምጣ። ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ሞክሪያት። እንቅልፍ ማጣቱና መባነኑ ከቀጠለ ሐኪም ያስፈልገዋል፣ የአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ብቻ አይደለም ያለው፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም ይሰጣሉ። አያፍርበት። ለልጁም አባቱ ራሱ "አስደነገጥኩህ፣ ይቅርታ" ይበለው፣ አንቺ አትበይለት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 9 ዓመት ተፈርዶበት ከቃሊቲ ወደ ሸዋሮቢት ተዛወረ። እናታችን 70 አልፏታል፣ ጉልበቷን ያማታል። መቼ ነው አመክሮ የሚያገኘው? ወደ አዲስ አበባ ማስመለስስ ይቻላል?

መልስ፦ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት አመክሮ የሚጠየቀው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው ሲታሰር ነው። ለወንድምሽ 6 ዓመት ማለት ነው። በቀጠሮ የቆየበት ጊዜ ስለሚታሰብለት ከተያዘበት ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ። ግን 6 ዓመት ስለሞላ ብቻ በሩ አይከፈትም። ጠባዩ ይታያል፣ በወንጀሉ ያደረሰውን ጉዳት በአቅሙ መካሱም ይታያል። ስለዚህ ከተበዳዩ ቤተሰብ ጋር ያልተጨረሰ የካሳ ነገር ካለ ሽማግሌ መላኩን ለመጨረሻው ዓመት አታቆዩት። የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፣ ማረሚያ ቤቱ ሐሳብ ሊያቀርብለት ይችላል፣ እሱም ራሱ ማመልከት ይችላል።

ዝውውሩን በተመለከተ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 እስረኛ በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ ዕድል ይሰጠው ይላል። 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ፣ ጣርማበርን ወርዳ፣ በሽቦ አጥር ማዶ ለጥቂት ደቂቃ ጮኻ አውርታ ለምትመለስ የ70 ዓመት እናት ይሄ መብት ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። ከላይ ያነሳሁት የማንዴላ ደንብም እስረኛ በተቻለ መጠን ቤቱ አጠገብ ይታሰር ይላል። ወንድምሽ በራሱ እጅ ጽፎ ያመልክት፣ የእናታችሁን የሐኪም ማስረጃ አያይዙበት። እንደሚሳካ ቃል አልገባልሽም፣ ግን ሳይጠየቅ የተፈቀደ ዝውውር አላየሁም።

እስከዚያው ስንቁን አትተዉ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለ 2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ለአንድ እስረኛ ምግብ፣ ውሃና ሕክምና ተደምሮ በቀን 9 ብር ገደማ ይመደባል ብሎ ነበር። በዚያ ጊዜ 9 ብር ምን ይገዛ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሩቅ ስለሆነ የማይበላሽ ላኩ፦ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ። ለሁለት ሰው የሚሆን አድርጉት፣ ምክንያቱም አጠገቡ ጠያቂ የሌለው ሰው አይጠፋም፣ ወንድምሽም ብቻውን አይበላም። አገሩ ቆላ ነው፣ ወባ አለ፣ ትኩሳት ከያዘው ነገ ዛሬ ሳይል ክሊኒክ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ከጨቅላ ልጇ ጋር ታስራለች። ለሕፃን ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ እግዜር ይስጥሽ፣ ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው። ዳይፐር፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ሙቅ ልብስ፣ የአጥሚት እህል። የታሸገውን ሳትከፍቺ ውሰጂ፣ በር ላይ እነሱ ይከፍቱታል። ከመሄድሽ በፊት ግን የሚገባውንና የማይገባውን ጠይቂ፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ትንሽ ኳስም ጨምሪ። ግቢው ውስጥ ሌሎችም ልጆች አሉ።