ስለ እህትሽ ይግባኝ፦ እኛ ያለፍንበት

እህት ዓለም፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ታናሽ እህቴ ባሏን ገድላለች ተብላ 13 ዓመት ተፈረደባት። ለዓመታት ሲደበድባት ኖሯል። ይግባኝ ብንል ይጠቅማታል ወይስ ጭራሽ ይብስባታል?» ነው ያልሽው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን የአክስቴ ልጅ በተመሳሳይ ጉዳይ ተፈርዶባት፣ መዝገቡን ይዤ የተመላለስኩት እኔ ነኝ።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ያዢ። እኛ በሄድንበት በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ይግባኝ እንደምትጠይቁ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ። የፍርዱ ግልባጭ ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ ማመልከቻውን ለማስገባት 30 ቀን አላችሁ። እኛ ዘጠኙን ቀን በለቅሶ ጨረስነው። ቀኑ ካለፈ በበቂ ምክንያት ይግባኝ ማስፈቀድ ይቻላል፣ ግን በእሱ አትተማመኑ።

ሌላው፣ ክሱን አምና ነበር ወይስ ተከራክራ? ሙሉ በሙሉ አምና ከሆነ ይግባኙ ቅጣቱ ላይ ብቻ ነው የሚሆነው። «አዎ ወግቼዋለሁ፣ ግን ሊገድለኝ ሲል ነው» ማለት ግን ክስ ማመን አይደለም። ቃሏ በመዝገቡ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ራስሽ እይው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የመጀመሪያ ማመልከቻችን አራት ገጽ ሙሉ ሐዘን ነበር። ድብደባው፣ ልጆቹ፣ የእናቷ ሕመም። ሁሉም እውነት ነው። ሁለተኛው ጠበቃ አንብቦ አስቀመጠውና «ይሄ ለሽማግሌ የሚነገር ነው። ዳኞቹ የሚፈልጉት የሥር ፍርድ ቤቱ፣ ማለትም መጀመሪያ የፈረደው፣ የቱ ላይ እንደተሳሳተ ነው» አለን። ያን ቀን ከፍቶኝ ነበር። ግን ልክ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሙሉ መዝገቡን አስገልብጠን ቁጭ ብለን አነበብነው። የዐቃቤ ሕግ ምስክር የነበረች ጎረቤት፣ በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ፣ «ድረሱልኝ» የሚል የሴት ድምፅ ቀድማ እንደሰማች ተናግራለች። በዚያው ሌሊት የተጻፈ የሕክምና ወረቀት ደግሞ በአክስቴ ልጅ አንገት ላይ የመታነቅ ምልክት እንዳለ ይላል። ፍርዱ ውስጥ ሁለቱም የሉም። ፍርዱ የሚያወራው ስለ ቁስሎቹ ብዛት ብቻ ነው። ይግባኛችንን በእነዚህ በሁለቱ ላይ መሠረትነው።

ለምን ይሄን ያህል ለውጥ ያመጣል? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሰው መግደል ሁሉ አንድ አይደለም። አንቀጽ 539 ከባድ ግድያ ነው፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። 540 ተራው ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት። 13 ዓመት ከተባለች የተፈረደባት በዚህ ይመስለኛል። 541 ግን ከመከላከል ወሰን ያለፈን፣ ወይም በከባድ መነሣሣት ስሜቱ ፈንቅሎት የገደለን ሰው ይመለከታል፤ ቢበዛ 5 ዓመት ቀላል እሥራት ነው። ራስን መከላከል በአንቀጽ 78 ሙሉ በሙሉ ከተረጋገጠ ደግሞ ነፃ ያወጣል።

እዚህ ላይ እውነቱን ተነጋገሩ። እህትሽ በዚያች ቅጽበት አደጋ ላይ ነበረች ወይስ ተኝቶ ሳለ ነው? ለዓመታት መደብደቧ ብቻውን 78ን አያሟላም። ዳኞቹ የሚጠይቁት ስለዚያች ደቂቃ ነው። የቆየው ድብደባ ግን ለምን ያን ያህል እንደፈራች ያስረዳል፣ ቅጣት ለማቅለልም ይነሣል። የድሮ የፖሊስ አቤቱታ ወይም የሐኪም ካርድ ካለ ፈልጉ። ይግባኝ ሰሚው አስፈላጊ ነው ካለ ተጨማሪ ማስረጃ መቀበል ይችላል፤ በሥር ፍርድ ቤት ለምን እንዳልቀረበ ግን ማስረዳት አለባችሁ።

«ይብስባታል ወይ?» ላልሽው፣ ይግባኝ ሰሚው ቅጣት የመጨመርም ሥልጣን አለው። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ ብሎ እንደሆነ ጠበቃችሁ መጀመሪያ ያጣራ። እኛ ፈርተን ነበር። ግን ያን የጎረቤት ቃል ካየን በኋላ መተው አልቻልንም።

ሟቹን አታጠልሹ። የልጆቹ አባት ነው፣ እናቱም ችሎት ትቀመጣለች። የሆነውን ብቻ ተናገሩ።

የእኛ መዝገብ መጀመሪያ «ያስቀርባል» ተባለ፤ ይግባኙ ዐቃቤ ሕግን ለመልስ ያስጠራል ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግ መልስ ሰጠ፣ ቀጠሮው ተጓተተ፣ በመጨረሻ አንቀጹ ከ540 ወደ 541 ተቀየረ። አራት ዓመት ሆነላት። ያኔ ሦስቱን ጨርሳ ነበር።

ለጠበቃ አቅም ከሌላችሁ መንግሥት የሚመድበውን ተከላካይ ጠበቃ ጠይቁ። መዝገቡን ግን አንቺም አንብቢው፤ ያቺን የጎረቤት ቃል ያገኘኋት እኔ ነኝ። ፍርዱ የተነበበበትን ቀን እዚሁ ጻፊልኝ፣ ስንት ቀን እንደቀራችሁ አብረን እንቆጥራለን።