መልስ፦ ስፓይና ቢፊዳ (አከርካሪ በማህፀን ሳለ በትክክል ሳይዘጋ የሚቀርበት ችግር) ላለባት ልጄ ከፊዚዮቴራፒው ጋር የቀይ መብራት ሕክምና ልጨምርላት?

ፊዚዮቴራፒውን አይተካም፤ እንዳታቋርጪው። ስፓይና ቢፊዳ ላይ ነርቩ የሚጎዳው ገና በማህፀን ነው። ቀይ መብራት ያንን ነርቭ እንደሚመልስ የተረጋገጠ ነገር የለም። የልጅሽ መገጣጠሚያ እንዳይገተር የሚረዳት በየቀኑ እግሯን ማፍታታቱና መቆም ማለማመዱ ነው።

ልሞክረው ካልሽ ባለሙያዋን አንድ ነገር ጠይቂ፦ መብራቱ ይሞቃል? የሚሞቅ ከሆነ ስሜት በሌለው ቆዳ ላይ እንዳይበራ።

እኔ ላይ ደርሷል፤ የእኔም ልጅ ይሄው ችግር አለበት። ቤት ውስጥ በሚሞቅ መብራት የልጄን እግር ሳሞቅለት እየሳቀ ይጫወት ነበር። ማታ ካልሲውን ሳወልቅ ተረከዙ ላይ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ! አላለቀሰም፤ አልተሰማውማ። ሳምንታት ፈጅቶ ነው የዳነው። አሁን ተረከዙንና የጣቶቹን መሃል ሳላይ አላስተኛውም።