ክራሽ ወይስ ስፕላሽ? መጀመሪያ ክራሹን ግዛ

ደብረ ማርቆስ ያለኸው ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ለድራሜ ሃይ ሃትና ራይድ የሚባሉት ሲምባሎች (በስቲክ የሚመቱት የብረት ሳህኖች) አሉኝ፣ ብሬ የሚበቃው ለአንድ ተጨማሪ ሲምባል ብቻ ነው፣ ክራሽ ልግዛ ወይስ ስፕላሽ ብለሃል። አንዳንዶች "ስፕላሽ ይረክሳል፣ በእሱ ጀምር" ሲሉህ አየሁ። እባክህ አትስማቸው። እኔም ድራም የምመታው እዚሁ ጎጃም፣ በከተማ ኪነት ቡድን ውስጥ ነው። ዋጋውን ከፍለንበት ነው የምነግርህ።

1. መጠኑን በሜትር ለካ። ክራሽ በብዛት ከ14 እስከ 20 ኢንች ነው። ስፕላሽ ከ6 እስከ 12። ለአንተ 16 ኢንች ክራሽ ይበቃሃል፤ 41 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሳሳ ያለውን ምረጥ። ቀስ ብለህ ብትመታውም ድምፁ ቶሎ ይከፈታል። በቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ውስጥም ማሲንቆውን አይውጠውም።

2. ሥራቸው ለየቅል ነው። ክራሽ ሲመታ ይፈነዳል፣ ድምፁም ይቆያል። አዝማች ሲገባና ምት ሲቀየር የምትፈልገው እሱን ነው። ስፕላሽ ጭስ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። በግጥም መሃል ላለች ትንሽ ክፍተት ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። የክራሽን ቦታ ግን በጭራሽ አይሸፍንም።

ቡድናችን ሲምባል ሲጠይቅ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ክራሽ ሲምባል፣ 16 ኢንች" ብዬ፣ በግልጽ። ግዥ ክፍሉ ዋጋ ሲያወዳድር "ሲምባል፣ 2 ፍሬ" ብሎ አሳጠረው። ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው አሸነፈና ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፕላሽ ይዞ መጣ። ቢሮ ገብቼ አቤት አልኩ። ሰውየው ከወረቀቱ ቀና እንኳን ሳይል "ሲመታ ይጮኻል አይጮኽም?" አለኝ። ይጮኻል አልኩት። "ታዲያ ምን ጎደለህ? በል ውጣልኝ፣ ሥራ አለብኝ።" ንብረት ክፍል በሞዴል 19፣ በዕቃ መቀበያ ደረሰኙ፣ ገቢ አደረገው፣ አለቀ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሕዝብ ብር ይወጣል፣ መሣሪያውን የሚመታው ሰው ግን አይጠየቅም!

ከዚያ ለበዓል አደባባይ ወጣን። የእኛ እስክስታ ወራጆች እንቅስቃሴ የሚቀይሩት ክራሹን ሰምተው ነው። ሜዳ ላይ ደግሞ ድምፅ ይበተናል። ስፕላሿ ፊት ያሉት ልጆች ጋ እንኳን አልደረሰችም። ግማሾቹ ቀየሩ፣ ግማሾቹ ቀሩ። ያን ሁሉ የተለማመዱ ልጆች ሕዝብ ፊት አፈሩ። እነሱ ምን አጠፉ?

የዚያኑ ሰሞን ከየኪሳችን አዋጣን። ከአንድ የሆቴል ባንድ ድራመር ያገለገለ 16 ኢንች ክራሽ ገዛን። ዛሬም የምመታው እሱን ነው፣ አንዲት ስንጥቅ የለበትም። በዚህ እኮራለሁ። ስታንዱ (ማቆሚያው) ላይ ዘንጉን የሚሸፍነው ፕላስቲክና ፌልቱ፣ ማለትም ወፍራሙ የጨርቅ ቀለበት፣ ሳይኖሩ አላስቀምጠውም፤ ብረት ከብረት ከተፋተገ መሃል ቀዳዳው ይበላል። ላይኛውን ዳዶ አላጠብቅም፣ ሲምባሉ መወዛወዝ አለበት። ጠርዙንም ፊት ለፊት አልወቅጠውም፤ ስቲኩን ወደ ጎን እየጠረግሁ ነው የምመታው።

3. ብረቱን ጠይቅ። ቢ20 የሚባለው ብሮንዝ 80 በመቶ መዳብ፣ 20 በመቶ ቲን ነው። ቢ8 ደግሞ 92 በመቶ መዳብና 8 በመቶ ቲን። ከርካሽ ድራም ጋር አብሮ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ብራስ ነው፣ መዳብና ዚንክ። እሱን ስትመታ የድስት ክዳን የወደቀ ይመስላል። ለአንተ ቢ8 ይበቃል። ደህና ያገለገለ ቢ20 ካገኘህ ግን አትለፈው። ስንጥቅ እንዳይኖረው ጠርዙን በጥፍርህ እየዳሰስክ ዙረው፣ የተበላ እንዳይሆን መሃል ቀዳዳውንም በደንብ እየው።

አዲስ አበባ ሄደህ የምትገዛ ከሆነ የራስህን ስቲክ ያዝ። "ከመታኸው ገዛኸው" የሚል ሱቅ ገጥሞኛል። እንዲህ ካሉህ ጥለህ ውጣ፤ ሳይመታ የሚገዛ ሲምባል የለም። ስትመለስ አውቶብስ ጣሪያ ላይ እንዳታስጭነው። ያን የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ከሻንጣ ጋር እየተጋጨ ከወረደ ጠርዙ ይጎዳል። በብርድ ልብስ ጠቅልለህ እግርህ ሥር አድርገው።

ስፕላሹን ጥር ላይ የሠርግ ሥራ ሲበዛና እጅህ ላይ ብር ሲገባ ትጨምረዋለህ። ከ8 ይልቅ 10 ኢንቹ ይሻልሃል። ለብቻው ስታንድ አትግዛለት፤ ክራሹ ስታንድ ላይ ከበላዩ ደርበህ ታስረዋለህ።