ከምጽዋ የተነሡት ምርኮኞችና «ኖቫ ስኮሺያ»

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ በአገራችን የተማረኩ ጣሊያኖች ከምጽዋ ተጭነው ሲሄዱ መርከባቸውን ያሰጠመችው የገዛ ወዳጃቸው ጀርመን እንደ ነበረች አያቴ ይነግሩን ነበር። እውነት ነውን? ከሆነስ ለምን አላዳነቻቸውም?
(አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ አያትዎ የነገሩዎት እውነት ነው። «ኖቫ ስኮሺያ» ከሊቨርፑል ወደ ሰሜን አሜሪካ መንገደኛና ፖስታ ስታመላልስ ኖራ በጦርነቱ ጊዜ ለወታደር ማጓጓዣነት የተወሰደች የእንግሊዝ መርከብ ነበረች። የሰጠመችው ኅዳር 19 ቀን 1935 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የመጨረሻው የኢጣሊያ ጦር እርስዎ ባሉበት በጎንደር እጁን ከሰጠ ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ መሆኑ ነው።

መርከቢቱ ከ700 በላይ የኢጣሊያ ምርኮኞችንና ግዞተኛ ሲቪሎችን ጭና ወደ ደርባን ስታመራ፣ በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ አጠገብ ዩ-177 የተባለችው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፒዶ መታቻት፤ በጥቂት ደቂቃዎችም ውስጥ ሰጠመች። ምርኮኛ መጫኗን የሚያሳይ ምልክት ስላልነበራት፣ የሰርጓጇ አዛዥ የመታው የጠላት መርከብ መሆኑን እንጂ በውስጧ እነማን እንዳሉ አላወቀም። ያወቀው ከባሕሩ የጣልያንኛ ጩኸት ሰምቶ ሁለት ሰዎችን ካወጣ በኋላ ነው። ወዲያው ለበላዮቹ በራዲዮ ቢያስታውቅም ሥራውን እንዲቀጥል ታዘዘ።

ለምን አላዳነቻቸውም ላሉት መልሱ ያለው ከሁለት ወር በፊት በተፈጸመ ነገር ላይ ነው። መስከረም 2 ቀን ሌላዋ ሰርጓጅ ዩ-156 «ላኮኒያ» የተባለችውን መርከብ በአትላንቲክ አሰጠመች፤ በዚያችም ውስጥ 1,800 ያህል የኢጣሊያ ምርኮኞች ነበሩ። አዛዡ ሃርተንሽታይን የቀይ መስቀል ምልክት ዘርግቶ የተረፉትን በማንሣት ላይ ሳለ የአሜሪካ አውሮፕላን ቦምብ ጣለበት። በማግስቱ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የበላይ አዛዥ አድሚራል ዶኒትዝ ከሚሰጥሙ መርከቦች የተረፉትን ማዳን ከለከለ። እኔ እንደማምነው ትእዛዙ ሰርጓጆቹን ከአደጋ ለመጠበቅ የወጣ ቢሆንም፣ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ የሚለምንን ሰው ጥሎ መሄድን ሕግ ያደረገ ጭካኔ ነበር።

ሆኖም ጀርመኖች ያን ጊዜ ጎረቤቲቱን ሞዛምቢክን ትገዛ ለነበረችው ለፖርቱጋል በማሳወቃቸው፣ በማግስቱ «አፎንሱ ደ አልቡከርኬ» የተባለች የጦር መርከብ ዛሬ ማፑቶ ከምትባለው ከተማ ደርሳ ከ190 የሚበልጡ ሰዎችን አዳነች። ከ850 በላይ የሚሆኑት ግን አለቁ፤ ከሟቾቹም የአንዳንዶቹ አስከሬን በደርባን ዳርቻ ተተፍቶ ተገኘና በዚያው አገር ተቀበረ።